ቀስ ብሎ የሚረጋ በረዶ፦ የመምህር ታረቀኝ ጴጥሮስ የሕይወት ታሪክ (1935–1982 ዓ.ም.)

መምህር ታረቀኝ ጴጥሮስ ከአባታቸው ከአቶ ጴጥሮስ እንግዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ገብረኪዳን በ1935 ዓ.ም. በጌዴኦ አውራጃ ቡሌ ተወለዱ። በቡሌ ሚስዮን ትምህርት ቤትና በይርጋለም ተምረው፣ አዲስ አበባ በፊዚክስ ተመርቀው በ1958 ዓ.ም. ዲላ በመምህርነት ተመደቡ። በተከታዩ ዓመት ከወይዘሮ አልጣሽ ዘነበ ጋር ጋብቻ መሥርተው ጸሐይንና ወልደዮሐንስን ወለዱ።

በ1968 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዱ። የሚያጠኑት ስለ ቅዝቃዜ መሆኑ ሲሰማ አብሮ አደጎቻቸው «ቡሌ ያደገን ሰው ምን ብርድ ያስተምሩታል?» ብለው ቀልደዋል። ሥራቸው ዲዩትሪየም የተባለውን ከባድ ሃይድሮጂን በፈሳሽ ሄሊየም አቀዝቅዞ እንደ በረዶ ማርጋት ነበር። ከኒውክሌር ማብላያ የሚወጡት ኒውትሮኖች በዚያ በረዶ ውስጥ ሲያልፉ ፍጥነታቸውን ይጥላሉ፤ ከመካከላቸው በጣም የዘገዩት ጥቂቶች በዕቃ ውስጥ ተይዘው ሊጠኑ ይችላሉ። በረዶው ተቻኩሎ ከረጋ ግን ይሰነጣጠቃል፣ ኒውትሮኖቹም እዚያው ይቀራሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ለበዓል ይድረስ ተብሎ ተጣድፎ የተበላሸው በዚሁ ነው።

በ1973 ዓ.ም. ሁለተኛውን በረዶ ቀስ ብሎ የማርጋት ኃላፊነት ለእርሳቸው ተሰጠ። ሥራው እንደተጀመረ የእናታቸው ሕመም መጽናቱን የሚገልጽ ቴሌግራም ደረሳቸው። ጥለው ቢነሡ በረዶው ይቀልጣል፣ በማብላያው የመሥራት ተራም ያልፋል። ቆዩ። ኒውትሮኖቹ ተያዙ፤ ባልደረቦቻቸው አቅፈው ሳሟቸው። ቡሌ ሲደርሱ ግን እናታቸው ተቀብረዋል። በለቅሶው ላይ «ሥራው ሌላ ቀን ይደርስ ነበር» እያሉ አምርረው አለቀሱ። የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ሳይቀበሉ በዚያው ቀሩ።

ወደ ዲላ ተመልሰው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ቁጡ መምህር ነበሩ፤ ወላጅ የታመመበትን ተማሪ ግን መሳፈሪያ ሰጥተው «ሂድ፣ ድረስባቸው፤ ፈተናው አይሸሽም» ብለው ይልኩት ነበር። አባቱን በአንድ መንፈቅ ሁለት ጊዜ ያሳመመ ከወርቃ ቀበሌ የመጣ ልጅ ነበር፤ መዋሸቱን እያወቁ ሁለቴም ላኩት።

በዚህ ዓመት በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ፣ አዲስ አበባ የመመረቂያ ፈተና ላይ ላለችው ለጸሐይ እንዳይነገራት አዘዙ። ባለቤታቸው በትዳር ዘመናቸው አንድ ቀን ቃላቸውን አልተላለፉም ነበር፤ በዚህ ግን እምቢ አሉ። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር አቶ ባህሩዲን መልእክቱን አደረሱ። ልጅቱ ፈተናዋን ትታ መጣች። ሲያዩዋት ተቆጡ፤ ከዚያም እጇን ይዘው እስከ መጨረሻው አልለቀቁም። ሰኔ 11 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው አረጋዊ አባታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል። ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የሄደው ወልደዮሐንስ እስከ ዛሬ መርዶውን አልሰማም።

እግዚአብሔር የመምህር ታረቀኝን ነፍስ በዕረፍቱ ያኑር። ላልደረሰውም ልጃቸው፣ ቀስ ብሎ የሚያረዳው ደግ ሰው ያዘጋጅለት።