ኮትህን የምሰቅልበት ሚስማር

አባዬ፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። እዚህ ሳለህ ጠቦህ ነበርና ይህን ዱዓ ባደረግሁ ቁጥር የኪራይ ቤቶቻችን ትዝ ይሉኛል። ከተለያየን አራተኛው ረመዳን አለፈ። ብዙ ጊዜ ልጽፍልህ አስቤ፣ ደስ የሚልህ ወሬ አጥቼ ተውኩት። ዛሬ ግን ወሬው ከአፌ ሊያመልጠኝ ደርሷል። ቤት ልንገዛ ነው! እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ናት፤ ከደጇ ላይ በእግር ጣት ብድግ ሲሉ ውኃው ይታያል። ባለቤቱ ጋሽ ይመር፣ ደሴ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ነው የሚሸጧት። ሰኞ እንፈራረማለን፣ ኢንሻአላህ።

የከተማው ሰው ሁሉ ልብሱን አንተ ዘንድ እያሰፋ፣ የአንተ የልብስ ሰፊው ኮት ግን ሁልጊዜ የተጨማደደ ነበር። ደንበኞችህ ሲስቁብህ አብረሃቸው ትስቃለህ። ምክንያቱን የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን። በሰው ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም፣ ልስኑ ይረግፋል ትል ነበር። ስለዚህ ኮትህ ሳጥን ላይ ታጥፎ ያድራል፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ መሬት ላይ ይውላል፣ የእማዬ ሰፌድ አልጋ ሥር ይገባል። ቤት በለቀቅን ቁጥር ግድግዳውን በመዳፍህ ዳሰስ ዳሰስ አድርገህ ነበር ቁልፍ የምታስረክበው። ልጅ ሆኜ ሚስማር ሐራም ይመስለኝ ነበር፣ ወላሂ!

ዐረብ አገር ሰው ቤት ስሠራም ይኸው ነበር ሐሳቤ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች አገርሽ ስትገቢ ምን ልታደርጊ ነው ሲሉኝ፣ ሚስማር ልመታ ነው እላቸዋለሁ። ያበድኩ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ስለ እማዬ ልንገርህ፤ አልተለወጠችም። የምንገዛትን ቤት የፈለገ ሌላ ሰውም ነበር፣ አፍርሶ መጋዘን ሊሠራበት ያሰበ ነጋዴ። ሳንቀደም ቶሎ ሄደሽ እይና ቁርጡን ንገሪኝ ብዬ እማዬን ላክኋት። ከቤቷ አጠገብ ያሉት እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ሰላም ብትላቸው፣ ሳትቀምሽ አታልፊም ብለው ይዘዋት ዋሉ። ማታ ስትመለስ ቤቱ እንዴት ነው ብላት፣ አስካለ ልጇን ልትድር ነው አለችኝ። በሌላ ቀን ብልካት ማዶ ያሉ አዛውንት ታመዋል ተባለችና እሳቸውን ጠይቃ፣ ዱዓ አድርጋላቸው ተመለሰች። ደግሜ ብልካት ለቅሶ ደርሳ መጣች። እርር ድብን አልኩ። ቤት እይ ሲሏት ጎረቤት አይታ የምትመለስ ሴት የት አለ? እሷ እቴ፣ አብሽሪ ትለኛለች። እኔ ግን ነጋዴው ሳይወስድብን አይቀርም ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ከዚያ ጋሽ ይመር አስጠሩኝ። አለቀልን ብዬ ሄድኩ። ለካ የሰፈሩ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በአንድነት እሳቸው ዘንድ ሄዶ ኖሯል። እርስዎን ካጣን አይቀር መጋዘን አይተኩብን፣ ያችን ሴት ይተኩልን ብለው ለምነዋቸዋል። ጋሽ ይመር ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ፣ እናትሽ ሳትገዛ ገብታለች፤ ታዲያ እኔ እንዴት አድርጌ ላስወጣት አሉኝ። እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ፤ እሳቸው መረቁኝ። እማዬ እስካሁን የቤቷን ውስጥ አላየችውም። ግዴለም፣ ከሰኞ በኋላ እናየው የለም እንዴ ትላለች።

በቀደም ሚስማር ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ ስንት ኪሎ ቢለኝ አንድ ፍሬ ብቻ አልኩት፤ ስቆ በነፃ ሰጠኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፣ ገበሩን ቀዶታል። አንተ ብትኖር ትሰፋልኝ ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ፤ ደስታው ሙሉ የሚሆነው አንተ መጥተህ ግድግዳውን በመዳፍህ ዳሰስ ብታደርገው ነበር።

ኮትህን እማዬ አጥባ ተኩሳዋለች። ሰኞ ከፊርማው እንደወጣን፣ አልጋ እንኳ ሳናስገባ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ሚስማሩን እመታለሁ። ልስኑ ከረገፈም ይርገፍ፣ የራሳችን ነው። የገባ ሰው ሁሉ ይህ የማን ኮት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ እኔም የአባቴ ነው ብዬ ካንተ ወሬ እጀምርለታለሁ። በዚያ ቤት ስምህ ሳይነሣ የሚውልበት ቀን አይኖርም፣ ቃሌ ነው። ኮትህም ከእንግዲህ አይጨማደድም።

ልጅህ ሰዓዳ