ግራ እጄና የጉቴው ሰርግ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ክሮቹን ቀቅዬ ድስቱን ላወርድ ስል ግራ እጄ ከዳኝ። ፍል ውሃው ወለሉ ላይ፣ ክሮቹ በሩ ሥር፣ እኔ አልጋ ላይ ቆሜ! እግሬ ተርፏል፣ አልሃምዱሊላህ።

የቤዝ ጊታር ክር ነቀምቴ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ድምፁ ሲደነዝዝብኝ ፈትቼ እቀቅለዋለሁ፣ ላቡና ቅባቱ ይወጣለታል፣ ጠርጌ አድርቄ መልሼ እወጥረዋለሁ። ለተወሰነ ጊዜ እንደ አዲስ ይሆናል። እማ ኡኬ ካለው ቤቷ ሆና ይህን የሰማች ቀን "ልጄ ብረት ቀቅላ ልትበላ ነው" ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ።

የእጄ ነገር ግን አያስቅም። ከገና ወዲህ አውራ ጣቴ ሥር ያቃጥለኛል። ባለፈው ዓርብ ክፍል ውስጥ ሳስተምር የጠመኔ ካርቶን ከእጄ ወደቀ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ደግሞ ክፉ ጊዜ ነው የመረጠው። ዛሬ ልምምድ ጨርሰን ዕቃ ስናነሳ ኦቦ ፈይሳ ጠሩኝ። ዘፋኛችንም የባንዱ ባለቤትም እሳቸው ናቸው። "ሰዓዳ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። "ኪቦርዱ እኮ ቤዝም አለው። ሌላው ሰው በአንድ ኪቦርድ ሰርግ ይጨርሳል። እስቲ እሑድ ጉቴ ባለው ሰርግ ላይ ጆሮዬን ሰጥቼ ልስማሽ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።"

ልስማሽ! ስንት ዓመት ከኋላቸው ቆሜ ስመታ ምን ሲሰሙ ነበር?

ኪቦርድ የሚመታልን ገመቹ ዕቃውን እየሸፈነ ሰምቷል። እኔ ብወጣ የቤዙ ሥራ የሚወድቀው በእሱ ግራ እጅ ላይ ነው። ደስ ብሎት ይሆን? ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ እሱ ሰውዬ ሲያመውም ሲደሰትም አንድ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እሑድን እንደምንም ማለፍ አለብኝ። ያሰብኩት፦

ማጉያውን መሬት ላይ አላስቀምጥም። ወንበር ላይ፣ ጆሮዬ አጠገብ። መሬት ሲቀመጥ የሚሰማው ለጉልበቴ ነው፤ ለእኔ አይሰማኝም፤ ስላልተሰማኝ ክሩን አንቄ እይዛለሁ። የእጄ ጣጣ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው፤ ማንም ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ማንገቻውን ማሳጠር። ጊታሩ ዝቅ ብሎ ሲንጠለጠል ያምራል፣ አዎ። የእጄ አንጓ ግን ይታጠፋል። ማማሩ ይቅርብኝ።

ማሳነስ። አሥር ጊዜ ከመምታት ሁለቴ በቦታው መምታት። (ይህን ለስንት ሰው ነግሬያለሁ፤ ራሴ መቼ ሰማሁት?)

ባዶ ክር። ግራ እጅ ሳይጫነው የሚጮኽ ክር ማለት ዕረፍት ነው። ዘፈኖቹ ባዶ ክር በሚገባበት ቶን፣ በዚያ የድምፅ ከፍታ ማለቴ ነው፣ ቢሆኑልኝ እጄ በየመሃሉ ይተነፍሳል።

ትርፍ ገመድ፣ ፕላስተር፣ ማስረዘሚያ። የሰርግ ቤት ሶኬት አይታመንም።

ለኦቦ ፈይሳ ትንፍሽ አለማለት።

ከሰዓት ለገመቹ ደውዬ "የእሑድን ዘፈኖች ትንሽ ዝቅ ብናደርጋቸው ለኦቦ ፈይሳ ድምፅ አይሻልም?" አልኩት። "ለእሳቸው ድምፅ?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። "ኢሺ" ብሎ ዘጋው። የነቃብኝ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 15

እሰይ! ልምምዱ ሰመረልኝ። ገመቹ ዘፈኖቹን ሁሉ እንደጠየቅኩት አውርዷቸዋል። ማጉያው ወንበር ላይ፣ ማንገቻው አጭር፣ ባዶ ክሮቼ እንደ ልብ። ኦቦ ፈይሳ ዞር ብለው አዩኝና "ዛሬ ምን በልተሽ ነው?" አሉ። ምስር በልቼ ነው አልኩ። ሳቁ።

አሁን ስጽፍ ጣቴ ይነዝረኛል፤ ግን እንደ ማክሰኞው አይደለም። ወይም ደስ ስላለኝ ነው። ኧረ ብቻ እሑድ ይለፍልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

እማ ደወለች። የሚቀጥለው ሳምንት የኡኬው ሰርግ ጎረቤታችን ቤት ነው፣ ባንዱም እኛው ነን። "ሰፈሩ ሁሉ ልጅሽን ልናያት ነው እያለኝ ነው" አለች። ድሮ ሴት ልጅ ጊታር ታቅፋ ሰው ፊት ትቆማለች ወይ ብላ ያኮረፈችኝ እሷ ናት። አሁን ለጎረቤት የምትኮራብኝ ጊዜ ሲመጣ እጄ ይታመም!

"ድምፅሽ ምነው?" አለችኝ።

"ጉንፋን ነው።"

"አብሽሪ፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ።"

ጠጣሁ። ለእጄ ዝንጅብል።

እሑድ፣ ጥር 17

ከጉቴ ተመልሰናል። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ሰኞ፣ ጥር 18

እሺ፣ ልጻፈው።

የመጀመሪያው ሰዓት ምን የመሰለ ነበር። ጣቴ አልነዘረኝም፤ ኦቦ ፈይሳም ሁለቴ ዞረው አይተውኛል። ከዚያ ሙሽራው ከሃማሞታው ጋር ደረሰ፤ አጃቢዎቹን እዚህ እንደዚያ ነው የሚሏቸው። የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሩ ላይ ተደርድረው ዘፈን አነሱ።

እኔ ጅል! ዘፈኖቹን ሁሉ ሳስተካክል በሩን ረስቼዋለሁ። በእኛ አገር ሰርግ በሩ ላይ ባንድ ሴቶቹን አይመራም፤ እነሱ በጀመሩበት ቶን ገብቶ ያጅባቸዋል። የወለጋ ሴቶች ደግሞ ዘፈን የሚያነሱት በጉሮሯቸው ልክ እንጂ ለእኔ ክር ብለው አይደለም። የጀመሩበት ቶን ከባዶ ክሮቼ አንዱንም አይነካም። ገመቹ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ኪቦርዱን ከእነሱ እኩል አደረገ፣ አለቀ። ቤዝ ጊታር ቁልፍ የለው! ክሩን ያለ ዕረፍት በጣት መጫን ነው። ሃማሞታው ይገፋል፣ ሴቶቹ አናስገባም ይላሉ፣ ዘፈኑ ማለቂያ የለውም።

መሃል ላይ አውራ ጣቴ ተቆለፈ። ትንሿ ጣቴ አልታዘዝ አለችኝ። መምታቴን አቆምኩ።

ቤዙ ግን አልቆመም።

ዘወር ብዬ አየሁ። ገመቹ ግራ እጁን ወደ ታችኞቹ ቁልፎች አውርዶ ይመታል። ወደ እኔ አያይም፤ የድንኳኑን ጣሪያ ያያል። ደሜ ፈላ። ወሰደብኝ አልኩ፤ ጠብቆ ጠብቆ ወሰደብኝ! ወዲያው ኦቦ ፈይሳ ዞሩ። እኔ ምን አደረግኩ? ክሩን ሳልነካ ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁልኝና ወደ ሕዝቡ ተመለሱ።

እስከ መጨረሻው እንደዚያው ቆምኩ፤ የምመታ መስዬ። ሰዉ ጨፈረ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ስንጨርስ ኦቦ ፈይሳ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ጀባዱ! ዛሬ ሰምቼሻለሁ" አሉኝ። በርቺ ማለታቸው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ገመቹ ዛሬ ት/ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ።

"ሀርኪ ኬ ማል ታኤ?" አለኝ። እጅሽ ምን ሆነ ነው።

"ምንም።"

"ሰዓዳ፣ ማሎ፣ እባክሽ። ረቡዕ ዘፈኑን አውርድልኝ ስትዪኝ ነው ያወቅኩት።"

በመንገደኛው ፊት ጮኽኩበት። ቦታዬን ስትጠብቅ ነበር፣ አሁን ደግሞ ልታዝንልኝ መጣህ አልኩት። አስጨረሰኝ። ከዚያ "ቦታሽን ብፈልግ ኖሮ እጄን ወደ ታች አላወርድም ነበር" አለኝ። "ዝም እልና ሰውዬው ዞረው ባዶ እጅሽን ያዩ ነበር።"

እውነቱን ነው። አስለቀሰኝ፣ ይኼ ድንጋይ ፊት።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሆስፒታል ሄድኩ። ባለሙያዋ እጄን ወዲያ ወዲህ አድርጋ ጅማቱ ተቆጥቷል አለች። የእጅ ድጋፍ አሰረችልኝ። "ጊታሩን እንዳትነኪው፤ ከነካሽው ግን እንኳን ጊታር ብርጭቆ ማንሳት ያስቸግርሻል።" እስከ መቼ ስላት "እጅሽ ይነግረናል" አለች። የእኔ እጅ መቼ እውነት ይናገራል!

የኡኬው ሰርግ ቀረ ማለት ነው። እማ ምን ትላለች? ከእሷ በፊት ግን ኦቦ ፈይሳ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ነገርኳቸው። ጉቴ በር ላይ የሰሙት የእኔ እንዳልነበር ጭምር። ገመቹ አብሬሽ ልግባ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ።

ኦቦ ፈይሳ የታሰረውን እጄን አዩት። "እኔ እንግዲህ" አሉ፣ "አንቺን ከኪቦርዱ መለየት ያልቻልኩ ሽማግሌ ነኛ።" ተቆጥተው ይሁን አፍረው አልገባኝም። እሑድ ገመቹ ቤዙንም በኪቦርዱ ይዞ እንዲወጣ ተስማማን። ስለ እኔ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ፈራሁ።

ወጥቼ መንገድ ላይ ቀለለኝ። ቤት ስገባ መልሶ ከበደኝ።

እሑድ፣ ጥር 24

ኡኬ፣ እማ ቤት።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርግ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ለእማ በሩ ላይ ነበር የነገርኳት። እጄን አገላብጣ አየችና "ጉንፋኑ ይሄ ነው?" አለችኝ። ምግብ ሲቀርብ ሳህኔን ከእጄ ወስዳ እሷው ያዘችልኝ።

ገመቹ ጥሩ መታ። መጥፎ ቢመታ ደስ ይለኝ እንደሁ ራሴን ጠየቅኩ፤ አዎ፣ ትንሽ። ሰዉ ተነስቶ ጨፈረ። አንዷ ጎትታ አስነሳችኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ ይዤ ጨፈርኩ። ስንት ሰርግ ስሠራ ኖሬ መጨፈር አላውቅበትም ለካ!

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ገመቹ ግራ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ አራገፈው፤ ደክሞታል። ለዚያች አፍታ ቤዙ ጠፋ። ጭፈራው አልቆመም፣ ማንም አልተቆጣም። እኔ ግን መጨፈሬን አቆምኩ። ቀና ስል ኦቦ ፈይሳ ማይኩን እንደያዙ ወደ ባዶው ቦታ ዞረዋል። እኔ የምቆምበት ጥግ ነው። ገመቹ እጁን እስኪመልስ ድረስ እዚያው እያዩ ዘፈኑ።

ዕቃ ሲጭኑ ጠሩኝ። "ወደ ኑኑ ቁምባ የምንሄድበት ሰርግ አለ" አሉኝ። "መኪናው ላይ ስንት ሰው ብዬ ልያዝ?"

"መቼ ነው?"

"ከዐቢይ ጾም በፊት።"

እጄን አየሁት። ባለሙያዋ እጅሽ ይነግረናል ብላኛለች፤ እስካሁን ምንም አልነገረኝም። "ይደርስልኝ አይመስለኝም" አልኳቸው። ማለት ያለብኝ ይሄ ነበር።

ኦቦ ፈይሳ ወደ ገመቹ ዞሩና "ለሰዓዳም ያዝ" አሉት። ወደ እኔ ተመልሰው ደግሞ "ሳትመቺም ቢሆን ትመጫለሽ። አጠገቤ ቆመሽ ቤዙ ሲጠፋ ትነግሪኛለሽ" አሉኝ።

እሺ አልኩ። አጠገባቸው ቆሜ፣ እጄን አጣጥፌ፣ የሌላ ሰው ቤዝ ልሰማ። እንዴት እንደምችለው እንጃ።