ሥዕላቸውን ወረፋ ወዳለበት የወሰዱት የእትዬ ብሩሽ የሕይወት ታሪክ

በዚያ ዓመት ዝናቡ አራት ወር ሙሉ አላባራም። መንገድ ተቆረጠ፣ ዕቃ አልገባም፣ ሱቆቹ ተራ በተራ ተዘጉ። የሚዘጋ ሱቅ ደግሞ ማስታወቂያ አያስጽፍም። አባታችን በሁለተኛው ወር አረፉ። የእኅታችን ባለቤት የሚነዱት አውቶቡስ ቆመ። ማስታወቂያ ጸሐፊዋ እኅታችን የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበሩ፤ ሁለት ልጆች፣ አንድ ክፍል ቤት፣ የሚያፈስ ጣሪያ። ባለሱቆቹ ሳይወስዷቸው የቀሩ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር። በየጣሳው የተረፈ ቀለም ነበር። የሚያዛቸው ሰው ሲጠፋ ማንም ያላዘዛቸውን መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሥዕል በረንዳ ሥር ዝናብ የተጠለሉ ሰዎች ነው። በሰሌዳው ጀርባ «ልብስ ስፌት» የሚለው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከዚያ በፊት የነበረው አጭር ነው። ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የመጀመሪያው ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የአባቴን ሥራ ይዤ ቀረሁ። ታናሼ ናቸው፤ ዛሬ ግን አንቱ ማለት ይገባኛል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ማስታወቂያ ጸሐፊ ዘንድ ተቀጠሩ። አሠሪያቸው ፊደሉን ከመንገድ ማዶ ቆሞ ካላነበበው እንደገና ያስፍቃቸው ነበር። ብሩሽ ከጆሯቸው ላይ ስለማይጠፋ የሰፈሩ ሰው እትዬ ብሩሽ አላቸው። በሃያ ሁለት ዓመታቸው የአውቶቡስ ሾፌር አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ወደ ማስታወቂያው ተመለሱ፤ ሥዕሉን ግን አልተዉም። በሠላሳ ዓመታቸው ሠላሳ አንድ ሥዕል ይዘው የሰፈራችንን ማኅበር አዳራሽ ለሦስት ቀን ለምነው አገኙ። ፍሬሞቹን እኔ ሠራሁ። የመጣነው ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ እናታችን፣ እኔና የአዳራሹ ዘበኛ ነበርን። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ገባ። ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ ነበር፤ ዘበኛው ደግሞ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ሰውዬው ቆሞ ጠበቀ። የሚያደርገው ሲያጣ አንድ ሥዕል አየ። ቁልፉ ሲመጣም ወዲያው አልሄደም።

«የዚህ ሰውዬ ጀርባ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያዘነው?» አለ።

ሥዕሎቹን በጋሪ ስንመልስ እኔ አፍሬ መሬት መሬት አይ ነበር። እሳቸው ግን «ጋሼ፣ ሥራ ፈቶ የቆመ ሰው ያያል። ቁጭ ብሎ ተራ እስከሚጠብቅበት ድረስ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ» አሉኝ። ገዢ አልነበረም የፈለጉት። የማያውቃቸው ሰው ቆም ብሎ እንዲያይላቸውና ያየውን እንዲነግራቸው ነበር።

በሳምንቱ አንዱን ሥዕል ይዘው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዱ።

«ስንት ነው?» አላቸው።

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን ይሠራልኛል?»

«ይታያል። ወር ሲሞላ በሌላ እቀይርልሃለሁ። ደንበኛ ያለውን ሁሉ ትነግረኛለህ፤ ስድብም ቢሆን ሳታጣፍጥ።»

በሩ አጠገብ ሰቀለው። በአሥረኛው ቀን ሥዕሉን በብብቱ ይዞ መጣ። «እትዬ ብሩሽ፣ ወህኒ ልታስወርጂኝ ነው! ሁሉም አንገቱን እየጠመዘዘ ያየዋል። ዛሬ የአንዱ ጆሮ ለጥቂት ተረፈ።» እኅታችን ሄደው ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊት መስታወት ነው። ሥዕሉን ከወንበሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ አሰቀሉት፤ ደንበኛው ራሱን ሳያንቀሳቅስ በመስታወቱ እንዲያየው። አሁን ደግሞ ሌላ ስሞታ መጣ፤ በሥዕሉ ያለችው ልብስ ሰፊ በመስታወት ግራኝ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ለፀጉር ቤቱ የሚሠሩትን ሁሉ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርገው ይሥሉ ነበር። ባለቤታቸው «ሚስቴ መስታወት ቤት ተቀጥራለች» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

ከፀጉር ቤቱ ወደ ክሊኒኩ ኮሪደር፣ ከዚያ ወደ ጫማ ጠጋኙ፣ ወደ ጎሚስታው። በዘጠኝ ዓመት አሥራ አንድ ግድግዳ ያዙ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ እየዞሩ የተባለውን ይሰበስባሉ። ሲነቀፉ ተከራክረው አያውቁም። ጎሚስታው «ይሄ ጎማ አየር የለውም፤ መኪናው ግን እየሄደ ነው» ቢላቸው ሥዕሉን አውርደው ጎማውን ነፍተው መለሱለት። የክሊኒኩ ነርስ «በሽተኛው ስሙ ሲጠራ አይነሳም፤ ያቺ የሥዕሉ ውሻ መንገድ እስክትሻገር ይጠብቃል» ብላ ከሰሰቻቸው። ይህን ክስ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ደግሞ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ፀጉር ቤቱ ይመጣል። አስተካካዩ «ምንህን ልቁረጥልህ?» ሲለው «አንተ ዝም ብለህ መቀስህን አንኳኳ» ይለው ነበር።

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ያንኑ አዳራሽ ጠየቁ። ኃላፊው «ያን ጊዜ ዘበኛዬ ብቻ ነው ያየልሽ» አላቸው። አዳራሹን ግን አልከለከላቸውም። በአንድ ቀን ከአሥራ አንዱም ግድግዳ ሥዕሎቹን አወረዱ። በየምስማሩ ላይ ትንሽ ወረቀት ብቻ አንጠለጠሉ፦ «የዚህ ወር ሥዕል አዳራሹ ውስጥ ነው።» ሰዉ ባዶ ምስማር ማየት አልቻለም። በመክፈቻው ዕለት ሰልፉ ሕንጻውን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ሊገናኝ ጥቂት ቀረው። ፊተኛው ራሰ በራው ሰውዬ ነበር። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ «ቀስ በሉ! እኔ ከሁላችሁ በፊት አይቻለሁ» እያለ ያስገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ በየሁለት ዓመቱ ራሱ ይጠራቸው ጀመር። እሳቸው ግን ግድግዳዎቹን አልለቀቁም፤ ማስታወቂያ መጻፋቸውንም እስከ ስልሳ ዓመታቸው አልተዉም። ምክር ፍለጋ ለሚመጡ ወጣት ሠዓሊዎች «ሰው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሰው ወደሚጠብቅበት ሂዱ» ይሏቸው ነበር። በሥራ ሰዓት ለመጣ ዘመድ ግን ውሃ እንኳ አያቀርቡም ነበር። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ከሁለት ዓመት በፊት ኩላሊታቸውን ታመሙ። ቆሞ መሥራት ሲያቅታቸው ተቀምጠው ሠሩ። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ በሰባ አንድ ዓመታቸው በታላቋ ልጃቸው ቤት አረፉ። ባለቤታቸው በስድስት ዓመት ቀድመዋቸዋል። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳይቸኩል ቆም ብሎ ይይልን።

አንድ ዕዳ ቀርቶብኛል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፍሬም ሠርቼላቸዋለሁ፤ ስለ ሥዕሎቹ ግን አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው ወር አልጋ ላይ ሆነው «ጋሼ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ነገረኝ። አንተስ አርባ ዓመት ሙሉ ምን አየህ?» አሉኝ። «ማእዘኑ ልክ ነው» አልኳቸው። ሳቁና «አታመልጠኝም፤ ዕዳ አለብህ» አሉኝ። የመጨረሻውን ሥዕል ፍሬም ረቡዕ ጨረስኩ። ሐሙስ ከሰዓት ልወስድላቸው ነበር።

ዕዳዬን እዚህ በፊታችሁ እከፍላለሁ። ሥዕሉ ኮሪደር ውስጥ ያለ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ዓርብ ጠዋት ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ ፍሬሙን አላየሁም። የወንበሩ ሳንቃ መሐሉ ላይ ለመጥ ብሏል። ሰው ብዙ የተቀመጠበት ቀጭን ሳንቃ ሰውዬው ሲነሳ ወዲያው አይቃናም፤ ትንሽ ይቆያል። አናጺው እኔ ነኝ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እሳቸው ራሳቸው አይተውታል። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው አሁን ገና መነሳቱ ነው።

እኅቴ፣ እኔ ያየሁት ይህን ነው።