የገበያው መንገድ ቱቦ

ናዝሬት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

የገበያው መንገድ ለምን እንደሚጨናነቅ ለማጥናት ዛሬ ጠዋት መቁጠሪያውን የጎማ ቱቦ አስፋልቱ ላይ አጋድመን ዘረጋን። መኪናም ጋሪም ሲረግጠው አንድ ብሎ ይቆጥራል። ረፋዱ ላይ መንገዱ ተቆላልፎ ጡሩምባው ጆሮ ያደነቁራል፤ መቁጠሪያው ግን ያለፈ የለም ይለኛል። ተበላሽቶ ነው ብዬ ስፈታታው ከሰልፉ ሁሉ ፊት፣ ቱቦው ጋ የቆሙት ሽማግሌ ባለጋሪ ጠጋ አሉኝ።

“ጓድ፣ ፈረሱ እኮ ቱቦው እባብ መስሎት ነው አልሻገርም ያለው።”

“ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አሉ፣ አባባ?”

“የመንግሥት ዕቃ ነዋ! በምን አፌ?”

ቱቦውን ስጠቀልለው መንገዱ ወዲያው ተከፈተ። ግራ ገባኝ። ካነሳሁት መቁጠር የለም፤ ከዘረጋሁት የምቆጥረው እኔው ያመጣሁትን ጭንቅንቅ ነው። ለአለቃዬ ምን እላለሁ?

ፈረሱስ ቱቦው እባብ መሰለው። እኔስ ለሽማግሌው ምን መስያቸው ይሆን?