ከትሪው ላይ ስለተነሣው አረንጓዴ ጨርቅ

ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.
ዶሮ ማነቂያ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር አቶ ገብረትንሣኤ፣
በጨርቃ ጨርቅ አስመጪው ድርጅት የደንበኞች መስተንግዶ ሹም፣
ምኒልክ አደባባይ አጠገብ

ክቡር ሆይ፤ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የዚያን የተወለወለ ጫማዎን ምቾት አስቀድሜ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ብቻ ካለፈው ወር ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል፣ ይህ ደግሞ ለምግብ ቤት ባለቤት ጥሩ ማስታወቂያ አይደለም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ስሕተት ቢያገኙ ያርሙልኝ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎ ስለ እኛ የጻፉት በስድሳ ቅጂ ተባዝቶ ለስድሳ ደንበኞች ስለታደለ ነው፤ ከትልቅ ሰው መማር ደግ ነው ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ዝግጅትዎ አመሰግናለሁ። ከግብዣው ሦስት ሳምንት አስቀድመው ጥቁር ደብተርዎን ይዘው ቤቴ ሲመጡ፣ የወንበሩን ቁጥር፣ የአበባውን ቀለም፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ዳይሬክተሩም በስንት ሰዓት ንግግር አድርገው በስንት ሰዓት እንደሚስቁ ሳይቀር ጽፈው ነበር። እኔ የጠየቅሁዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከስድሳው እንግዳ ስንቱ ክርስቲያን፣ ስንቱ እስላም ነው? ይህን የፒያሳ ድግስ አብሳይ ሁሉ ገና ሽንኩርት ሳትገዛ የምትጠይቀው ነው። እርስዎ ግን ፊትዎን አጨፍግገው፣ ዘመናዊ ድርጅት የደንበኛውን ሃይማኖት አይጠይቅም ብለው መለሱልኝ። እኔ ዘመናዊ ስላልሆንኩ ሁለት ቀን ከሱቅ ሱቅ ዞሬ ጠየቅሁ። ሃያ ሁለት እስላሞች ሆኑ። አንዳቸውም በጥያቄው አልተቀየሙኝም፤ እንዲያውም መረቁኝ።

ሁለተኛ፤ ሰላምታ ሰጥተዋት ስለማያውቁ፣ ወይዘሮ መይሙና ማን እንደሆነች ልንገርዎ። በግቢዬ ሁለት ማዕድ ቤት አለ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ ነው። የእኔን በሬ ክርስቲያን ያርዳል፤ የእሷን ባሏ ያርዳል። ድስቷ፣ ቢላዋዋ፣ ማንኪያዋ ሁሉ ለብቻ ነው፤ እኔ እንኳ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ስሠራ ማማሰያዋን ነክቼ አላውቅም። ትሪዋ ከቤት ሲወጣ በአረንጓዴ ጨርቅ ይሸፈናል፣ የእኔ በነጭ። ጨርቁን ያየ እንግዳ ማንንም ሳይጠይቅ እጁን ይሰድዳል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ በሠርግም በሹመትም፣ አንድ ሰው እንኳ ተጠራጥሮ አያውቅም።

ሦስተኛ፤ ስለ ዓይንዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ሐሙስ ጥቅምት ፲፱ ቀን ምግቡን ወደ አዳራሻችሁ ካደረስን በኋላ፣ ፎቶ አንሺው ሳይመጣ፣ አረንጓዴው ከመጋረጃው ጋር አይሄድም ብለው አስነሡት። ሁሉንም ትሪ የድርጅቱ ማኅተም ያለበትን ነጭ ጨርቅ አለበሱ። ጨርቅ ለሚሸጥ ድርጅት መቼም ጨርቅ አይቸግረውም። መይሙና በሩ ላይ ቆማ፣ ጌታዬ፣ እንዲህ ከሆነ ሰው ይሳሳታል ብላ ለመነችዎ፤ እርስዎ በጣትዎ ጓሮውን አሳዩአት። እኔ ደግሞ ተከትያት ወጣሁ እንጂ አልጮህኩም፤ ይህን ለራሴ ይቅር አልለውም።

አራተኛውን የእርስዎ አስተናጋጆች ያውቁታል። ትሪውን እንደ መጣላቸው ለየጠረጴዛው አደሉት። የመርካቶው ሐጂ ዘይኑዲን ሁለት ጉርሻ ከዋጡ በኋላ እጃቸውን ገታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኼ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አስተናጋጁም ጨርቁ ላይ ያለውን ማኅተም አይቶ፣ «የድርጅቱ ነው» አላቸው።

ሐጂ አልተቆጡም። ውሃ አስመጡ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ወጡ። ሃያ አንዱም ተከተሉዋቸው። በወዲያኛው ጠረጴዛ አቶ ካሣሁን የመይሙናን ክትፎ ጨርሰው ኖሮ፣ በማግሥቱ ከንስሐ አባታቸው ቀኖና ተቀበሉ። ሁለቱንም ወገን በአንድ ምሳ ያስቀየመ ድርጅት ከእናንተ በፊት ስለመኖሩ አልሰማሁም፤ ለዚህም እንኳን ደስ ያላችሁ።

አምስተኛ፣ ዋናው። በሦስተኛው ቀን በፊርማዎ የወጣው ደብዳቤ፣ «የምግብ ቤቱ ሴቶች በዝንጉነት ሥጋውን አደባልቀው» ይላል። እኔስ ምን ይሆናል፣ ዝንጉ ተብዬ እኖራለሁ። መይሙናን ግን ወገኖቿ ዝንጉ አላሏትም፤ እያወቀች አበላችን ነው የሚሏት። ባለፈው ሳምንት የባሏ እህት ሐዘን ላይ ተቀምጣ፣ መይሙና አብስላ ይዛላት ብትሄድ፣ ድስቱ ክዳኑ ሳይነሣ ከደጅ ተመለሰ። እኔ አብሬያት ነበርኩ። በማግሥቱ ዕቃዋን ጠቅልላ ወንድሟ ዘንድ ቡታጅራ ሄደች። ማዕድ ቤቷ ተዘግቷል፤ ቁልፉን እኔ ይዣለሁ።

ክቡር ሆይ፤ ካሣ አልጠይቅዎትም። የምለምነው አምስት መስመር ነው፤ ጨርቁን ያስነሣሁት እኔ ነኝ፣ ሴትዮዋ አስጠንቅቃኛለች የሚል፣ ማኅተም ያለበት፣ እንደ ፊተኛው በስድሳ ቅጂ። ለፊተኛው ወረቀት እንዳልጠፋ ለዚህም አይጠፋም።

ከእግርዎ ሥር ሆኜ፣ እርስዎን በማገልገሌ የማልረሳውን ክብር ያገኘሁ፣ ዝንጉዋ አገልጋይዎ፣

ወይዘሮ የሺዓለም እምሩ
የምግብ ቤት ባለቤት

ማስታወሻ፤ ትናንት ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሰርክአዲስ መጥታ፣ ከፋሲካ በኋላ ለምታደርጉት ግብዣ የእስላሙን ወገን የሚይዝ ሌላ ሰው ስላጣችሁ፣ «ያቺ ጥንቁቋ ሴትዮ» ትመጣ እንደሆነ እንድትጠይቀኝ እርስዎ እንደላኳት ነገረችኝ። ቃሉ የማን ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፤ የእርስዎ ነው አለችኝ። የቡታጅራ አውቶቡስ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፤ ወንበር ያስይዙና ሄደው ራስዎ ይንገሯት። አማቶቿንም ከዚህ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ስትሰማዎት አጠገቧ ይኑሩ።