ዕቃ ቁጥር 417 ስለተባለው ጊዮርጊስ

ሚያዝያ 16 ቀን
ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ

በዘ ሄግ ከተማ ለሚገኘው የጥንታዊ ሳንቲሞች ጨረታ ቤት
ለክቡር ዳይሬክተሩ

ጉዳዩ፦ ከአንገት ወርዶ ካታሎግ ላይ ስለወጣ ጊዮርጊስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የውድ ቤተሰብዎና በመስታወት ሣጥን ውስጥ ጥጥ ላይ የተኙት የእንግሊዝ ነገሥታት ሁሉ ጤንነት የተሟላ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔም፣ ሲጠየቁ ደህና ነኝ ማለት ከልጅነቴ የለመድኩት ስለሆነ፣ ደህና ነኝ።

ስሜ ማንደፍሮ ይባላል። የእርስዎ ጨረታ ቤት በሚቀጥለው ሐሙስ በዕቃ ቁጥር 417 ሊሸጠው ያዘጋጀው የእንግሊዝ ሳንቲም የባለቤቴ የሰገነት ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ከሐሙስ በፊት እንዲመልሱልኝ ለመለመን ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ክብርዎን ለማስቸገር አይደለም። ልጄ ሐምራዊት ተርጉማ ታደርስዎታለች፤ ያገሬም ሰዎች እንዲያነቡት በግልጽ አውጥቼዋለሁ። እኔ በሆላንድኛ እንቢ፣ «ኔይ»፣ ማለት አልችልም። እዚህ በኖርኩባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት ከአፌ የወጣው «ያ»፣ ማለትም እሺ፣ ብቻ ነው። በአማርኛ ግን፣ ያውም ብዕር ከያዝኩ፣ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።

ሰገነት ከአራት ዓመት ወዲህ የመርሳት ሕመም አለባት። መጀመሪያ ሆላንድኛዋ ጠፋ፣ ቀጥሎ የቤታችን ቁጥር፣ ከዚያ የእኔ ስም። ያልጠፋባት ነገር ቢኖር አንገቷ ላይ በማተቧ የተንጠለጠለው ጊዮርጊስ ነበር። እርስዎ እ.ኤ.አ. የ1889 የብር ክራውን የሚሉት ማለቴ ነው። አያቷ ከኤደን ወደብ በመጣ ነጋዴ እጅ አግኝተውት፣ ሌላው ሴት ሁሉ ጠገራ ብር ሲያንጠለጥል እሳቸው ፈረሰኛው ዘንዶውን ሲወጋ አይተው የመረጡትና አንጥረኛ ዘንድ ወስደው ያስበሱት ነው። ከአያት ለእናት፣ ከእናት ለሰገነት ደረሰ። ሰገነት ጠዋት ስትነቃ ትሳለመዋለች፣ ማዕድ ሲቀርብም ትሳለመዋለች፤ ሳትሳለመው እህል አፏ አይገባም። ከበስተጀርባው አንዲት ንግሥት መኖሯን እኔ ራሴ ያወቅሁት ከተጋባን ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ጥፋቱ የተጀመረው ከእኔ መሆኑን አልክድም። ከእንግሊዝ በምትመጣ መርከብ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ወለል ስጠርግ ከወንበር ሥር የምለቅመው ሳንቲም አመል ሆነብኝና ጡረታ ስወጣ የድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም ሰብሳቢ ሆኜ አረፍኩት። መቶ አርባ ፔኒ አለኝ፤ የእያንዳንዱን ንጉሥ ጢም በአጉሊ መነጽር ለይቼ አውቃለሁ። ታዲያ አንድ ሙሉ ክራውን ሠላሳ ዓመት አጠገቤ ሲያድር ዓመቱን በቅጡ ማንበብ አልቻልኩም፤ ሰገነት አውልቃው አታውቅማ። የካቲት መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ለኤም.አር.አይ ምርመራ ብረት ነገር ሁሉ ይውለቅ ተባለና ነርሷ ከማተቧ ፈትታ በትንሽ ላስቲክ አድርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነበር። ሰገነት ስትወጣ መልሼ ማሰር ሲገባኝ ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ የእርስዎ ቤት ነፃ የግምት ቀን ነበርና ዓመቱንና ዋጋውን ሰምቼ ለምሳ እመለሳለሁ አልኩ። እንግዳ ፊት ቆሽሾ አይቀረብም ብዬም በሎሚና በጥርስ ሳሙና እስኪያበራ አሸሁት። ከዚያ ከስሊንግ ጣቢያ ሜትሮ ተሳፍሬ ወደ እናንተ መጣሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል እያነሣሁ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወጣቱ ባለሙያዎ ስላሳዩኝ ትሕትና አመሰግናለሁ። እሳቸው አርባ ደቂቃ ሙሉ ጎንበስ ብለው መረመሩት፣ መዘኑት፣ ገለበጡት፤ ለእኔም ቡና አስመጡልኝ፣ ብስኩቱን ሁለት አደረጉልኝ። አንድ ሰው ይህን ያህል ከደከመ በኋላ ዕቃን ኪስ ከትቶ ደህና ይዋሉ ብሎ መውጣት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ለጨረታ እናቅርበው ወይ ሲሉኝ ያ አልኩ። እዚህ ጋ አጭር ፊርማ ሲሉኝ ያ አልኩ። ቅጂውን ሲሰጡኝ በሁለት እጄ ተቀብዬ እጅ ነሣሁ። እሳቸው የሚያውቁት ያ ማለት ያ መሆኑን ነው፤ ይሉኝታ የሚባለው ነገር በሚዛናቸው ላይ ስለማይወጣ አልፈርድባቸውም። ማታ ወረቀቱን ያነበበችው ሐምራዊት ናት። ራሷን ይዛ «አባ፣ አንተ ለምንድነው ኔይ የማትለው? ኔይ እኮ አንድ ቃል ናት» አለችኝ። እዚህ ያደገች ልጅ ስለሆነች አንተ ማለቷን ድሮ ለምጄዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ካታሎጋችሁ ስላስተማረኝ አመሰግናለሁ። ገጽ 58 ላይ እንዲህ ይላል፦ ክራውን፣ ብር፣ 1889፤ ፊቱ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ጀርባው ቅዱስ ጊዮርጊስ፤ የተበሳ፣ እጅግ ያለቀ፣ ያለአግባብ የታጠበ፤ ግምት ከ20 እስከ 30 ዩሮ። ሦስት ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ደረታቸው ላይ አስደፍተው ያኖሯትን ንግሥት ፊት፣ የሳሙትን ጊዮርጊስ ጀርባ ማለታችሁ የሙያው ደንብ ነውና አልከራከርም። እጅግ ያለቀ ማለታችሁም እውነት ነው፤ የጨረሰው ከንፈር ነው። የተበሳ የሚለውን እንደ ጉዳት መቁጠራችሁ ግን ትንሽ ከንክኖኛል። ቀዳዳው ባይኖር አማቴ በክፉ ቀን መንዝረው እህል በገዙበት፣ እናንተም ገጽ 58 ላይ የምትጽፉት ባላገኛችሁ ነበር።

ያለአግባብ የታጠበ የሚለው ላይ ስደርስ ግን ክቡር ሆይ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ባለሙያዎ ዋጋውን በግማሽ የቀነሰው ይኸው መታጠቡ ነው ብለውኛል። በግማሽስ ቢሆን በወደድኩ። በሎሚ ያስለቀቅሁት ጥቁረት የሰገነት የአንገቷ ወዝ ነበር፣ የእናቷም የአያቷም። እሱን አጥቤ በዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ ለቅቄዋለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለሐምራዊትም አልነገርኳትም፤ ስትተረጉመው ታነበዋለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ደንባችሁ ጥራት። ልጄ አራት ጊዜ ደውላ ዕቃው እንዲመለስልን ስትጠይቅ የጨረታ ክፍላችሁ በሚያስቀና ጨዋነት አንቀጽ ዘጠኝን አንብቦላታል። አንድ ስማቸው የማይገለጽ ተጫራች በኢንተርኔት ሃያ ሁለት ዩሮ አቅርበዋልና ከእንግዲህ ዕቃውን ከጨረታ ማውጣት የእሳቸውን መብት መንካት ነው። እንግዲያው እኔው ልግዛው ስል አንቀጽ አሥራ ሁለት ተነበበ፤ ባለንብረት በራሱ ዕቃ ላይ አይጫረትም፣ ቤተሰቡም አይጫረትም፣ የላከውም ሰው አይጫረትም። የማኅበራችን እናት ወይዘሮ ይመኙሻል እኔ ሄጄ እገዛዋለሁ ብለው ተነሥተው ነበር። ከባለንብረቱ ጋር አልተነጋገርኩም የሚለውን ቅጽ ሲያዩ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ስለ ጊዮርጊስ ብዬ በጊዮርጊስ ፊት አልዋሽም አሉ። እኔም ልለምናቸው አልደፈርኩም። እንግዲህ ዕቃው የእኔ ስለሆነ አልሸጥም ማለት አልችልም፤ ዕቃው የእኔ ስለሆነ መግዛትም አልችልም። ባለንብረት መሆን ምን ማለት እንደሆነ ዘንድሮ ገባኝ።

አራተኛ ስለ ቀኑ አመሰግናለሁ። የሚቀጥለው ሐሙስ ሚያዝያ 23 ነው፣ የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል። ሆን ብላችሁ ካልሆነ እግዜር ይይላችሁ፤ ሆን ብላችሁ ከሆነም ያው ነው።

የሚቀጥለውን በቁጥር ላስቀምጠው አልቻልኩም። ሰገነት እህል ካቆመች ሰባት ሳምንት ሊሞላት ነው። መጀመሪያ ሁዳዴ ነበርና ጾሙን አስታውሳ መስሎን ደስ ብሎን ነበር። ፋሲካ መጣ፣ ወጡን ገፋችው። ጠዋት እጇ ወደ አንገቷ ይሄዳል፣ ክሩን ይዳብሳል፣ ባዶ ሲሆንባት ትመልሰዋለች። ማንኪያ ስናቀርብላት አትቆጣም፣ አታለቅስም፣ ትጠብቃለች። ካህኑ መጥተው መስቀል አሳልመዋታል፤ የጊዮርጊስን ሥዕልም አልጋዋ ፊት ሰቅለናል። ሥዕሉን አይታ ለእንግዳ እንደሚደረገው አንገቷን ዝቅ አደረገችለትና መጠበቋን ቀጠለች። በሾርባና በጭማቂ ነው ያቆየናት። ስድስት ኪሎ ቀንሳለች። ቤት ለቤት የምትመጣው ነርስ በሚቀጥለው ሳምንት በአፍንጫዋ ቱቦ ይግባ ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሳልል ቀረሁ። ኔይም አላልኩም። ፈርቻለሁ ክቡር ሆይ፤ ሌላ የሚያምር ቃል የለኝም።

ሃያ ሁለት ዩሮ ያቀረቡት የማላውቅዎት ወንድም ወይም እህት ይህን ካነበቡ፣ አቅርቦትዎን ቢያነሡልኝ መቶ አርባዎቹን ፔኒዎቼን ካሉበት አልበም ጋር አመጣልዎታለሁ። አልታጠቡም።

እርስዎም ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣ አንቀጽ ዘጠኝን ለአንድ ቀን ጀርባውን አዙረው ቢያስቀምጡት ዕድሜዎ እንደ ነገሥታትዎ የረዘመ፣ ፊትዎ ግን እንደነሱ ያላለቀ እንዲሆን ዘወትር እጸልያለሁ።

የተከበረው ቤትዎ ትሑት ባለንብረት፣ የወረቀቶችዎ ሁሉ ፈራሚ፣
ማንደፍሮ፣ የሰገነት ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለደረሰብን ቅሬታ ማካካሻ ይሆን ዘንድ ባለፈው ሳምንት በፖስታ የላኩልንን ሌላ ክራውን በዚሁ ፖስታ ውስጥ መልሼልዎታለሁ። እሱም የ1889 ነው፤ ያልተበሳ፣ ያልታጠበ፣ ካርዱም እንደሚለው «በሁሉም ረገድ የተሻለ»። መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። በአውራ ጣቷ ፈረሱን ዳበሰችው፣ ቀዳዳውን ፈለገች፣ አጣችው። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችውና በዚህ ሰባት ሳምንት ውስጥ ያልሰማሁትን ሙሉ ንግግር ተናገረች፦ «ይሄ የሰው ነው። ለባለቤቱ መልስለት።» የእኔን ስም ከረሳች ሁለት ዓመት ሆኗታል።