በክብር ልክ ስለሚታደለው የቦውሊንግ ኳስ

ለተከበሩ አቶ ዘአማኑኤል
የሰንበሌጥ መዝናኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ቃሊቲ

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም ቤተሰብዎም ደህና እንደሆናችሁ፣ በተለይም ትከሻዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ትከሻን ለይቼ የጠየቅሁበት ምክንያት ዝቅ ሲሉ ይገለጽልዎታል።

እኔ ኡሙልኸይር እባላለሁ፤ ሳሪስ አቦ ገበያ ጥራጥሬ የምሸጥ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ሴት ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ለእህቴ ልጅ ለናዕማ አስረክቤ፣ ከጎረቤቴ ከጋሽ ወልደየሱስ ጋር ወደ ማዕከልዎ እየመጣሁ ኳስ አንከባልላለሁ። ዋንጫ አልመኝም፤ ከወለሉ ጫፍ ከሚቆሙት አሥር የእንጨት ፒኖች አራቱ ከወደቁልኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ እከርማለሁ። ጋሽ ወልደየሱስ ደግሞ ከባቡር መሥሪያ ቤት በክፍል ኃላፊነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው ይህ ጨዋታ ብቻ ነበር። «ነበር» የምትለዋን ቃል እባክዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

ቀድሞ ኳሶቹ መደርደሪያ ላይ ሆነው እያንዳንዱ ሰው እያነሳ፣ እየሞከረ፣ እጁ የፈቀደውን ይወስድ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ግን «ለማንኛውም ተጫዋች ኳስ የሚሰጠው በክብሩ ልክ ነው» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጸሐፊዎ «በክብደቱ ልክ» ለማለት ፈልጋ ጣቷ እንደሳታት ሁላችንም ስለገባን ስቀን አለፍን። እርስዎ ግን ወረቀቷን ቀደው ሌላ ከማጻፍ ይልቅ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ክብር የሚለካበትን ማስፈጸሚያ መመሪያ አወጡ። እነሆ ኳሶቹ ላይ የተጻፈው ከስድስት እስከ አሥራ ስድስት ያለው ቁጥር፣ የኳሱ ክብደት በፓውንድ መሆኑ ቀርቶ የሰው ማዕረግ ሆነ። ለኃላፊ አሥራ ስድስት፣ ለባለሙያ አሥራ ሁለት፣ ደረጃ ለሌለው ስድስት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እያሉ የሚያሙዎት አሉ፤ እኔ የለሁበትም። አንዲት የፊደል ስህተት እንዳትከፋ ብሎ ይህን ያህል የደከመ ሰው ምስጋና እንጂ ሐሜት አይገባውም።

ከምስጋናዬ ጋር የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ኳስ ለመውሰድ የምንሞላው ቅጽ ላይ «የሥራ ደረጃ» የሚል ሳጥን አለ። ነጋዴ ደረጃ ስለሌላት ሰረዝ አደረግሁበት፤ ሰረዟም ባለ ስድስት ቁጥሯን አስገኘችልኝ። ይህች ኳስ ለልጆች የተሠራች ስለሆነች ቀዳዳዎቿም የልጅ ጣት የሚያህሉ ናቸው። ሩብ ኩንታል ምስር ትከሻዬ ላይ የማወጣ ሴት፣ ሦስት ኪሎ በማትሞላ ኳስ አውራ ጣቴ ተይዞ ሩብ ሰዓት ቆምኩ። ኳስ የምታድለው ፌኔት በፈሳሽ ሳሙናና በብዙ ይቅርታ አላቀቀችኝ። ልጅቷን ያመስግኑልኝ፤ መመሪያው ላይ የሌለ ሥራ ነው የሠራችው።

2ኛ. ጋሽ ወልደየሱስ በክብራቸው ልክ ሰባት ኪሎ ያለፈችውን ባለ አሥራ ስድስት ቁጥር በሁለት እጅ ተቀበሉ። እሳቸው ሰው አክብሮ የሰጠውን የሚመልሱ ሰው አይደሉም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ትከሻቸውን አመማቸው፤ በሁለተኛው ኳሷ ከእጃቸው አምልጣ ከጫማቸው አጠገብ አረፈች፤ በሦስተኛው ሥራ በዛብኝ ብለው ቀሩ። ጡረተኛ ሥራ ሲበዛበት እርስዎ አይተው ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሥራቸውን እሰማዋለሁ፤ ቅዳሜን ሙሉ ሬዲዮ ነው። ቀላሏን ይጠይቁ ብዬ ብመክራቸው፣ «ልጄ፣ ክብሬን ቀንሱልኝ ብዬ እንዴት አፌን እከፍታለሁ?» አሉኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ይህን በፌዝ አልጽፈውም።

3ኛ. ኳሳችንን እንለዋወጥ ብል መመሪያው «ክብርን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ የተከለከለ ነው» ይላል። እሺ፣ እሳቸውን ዝቅ አድርጉልኝ ብዬ በጽሑፍ ባመለክት፣ ያለ ጥፋት ማንም ከደረጃው ዝቅ እንደማይል በማኅተም ተገለጸልኝ። ታዲያ በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎት አንድ ማስጠንቀቂያ ያልተጻፈባቸው ሰው፣ አሁን በስተርጅና ምን ቢያጠፉ ይሻላል ይላሉ? ኮሚቴው አንድ ቀለል ያለ ጥፋት ቢጠቁመን አብረን ልንፈጽመው ዝግጁ ነን።

ካላስቸገርኩ አንድ የገበያ ዕውቀት ላካፍልዎ። እኔ ሱቅ የመጣን ሰው «ስንት ኪሎ ይችላሉ?» እላለሁ እንጂ «ስንተኛ ደረጃ ነዎት?» ብዬ አላውቅም። ኳስም ያው ነው። አውራ ጣት ያለ ትግል ገብቶ ያለ ሳሙና ከወጣ፣ ኳሷን ደረት ላይ ይዘው እስከ አሥር ሲቆጥሩ ክንድ ካልተንቀጠቀጠ፣ የሰውየው ኳስ እሷ ናት። ለዚህ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ መደርደሪያውን መክፈት ይበቃል። እኔን ከነሰረዜ ቢተዉኝም አልቀየምም፤ ለጋሽ ወልደየሱስ ግን ቅዳሜያቸውን ይመልሱላቸው።

መዝኖ ደረጃ የሚያወጣለት ኮሚቴ ገና ካልተቋቋመለት ጥልቅ አክብሮቴ ጋር፣
ሁልጊዜም የማዕከልዎ ታማኝ ደንበኛ፣
ኡሙልኸይር
(የሥራ ደረጃ፦ —)

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጋሽ ወልደየሱስ ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ማዕከሉ ሳይከፈት፣ ጉዳዩን ለብቻዎ ሊያዋዩዎት እንደምንም ደፍረው መጥተው ነበር። በመስታወቱ አሻግረው ሲያዩ ግን እርስዎ ብቻዎን ባለ ስምንት ቁጥሯን ኳስ እያንከባለሉ ነበር። ያፍሩብኛል ብለው ኮቴያቸውን ሳያሰሙ ተመለሱ፤ ዘጠኝ ፒን መጣልዎንም በአድናቆት ነግረውኛል። ለማንም እንዳልናገር አደራ ብለውኝ ነበር። ምን ይደረግ፣ እንዲህ ያለ አደራ መጠበቅ የባለ አሥራ ስድስቶች ነው፤ እኔ በመመሪያዎ መሠረት ባለ ስድስት ነኝ።